ቢጫ ጨርቅ ያልተሰቀለባቸው ቀኖች

ሥራዬ ምን እንደነበር ሰው ሲጠይቀኝ ለብዙ ዓመት «አሌክሳንድሪያ ቢሮ ነው የምሠራው» እያልኩ አልፍ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሙሉ መልስም አይደለም። ባለፈው ኦክቶበር ጡረታ ስወጣ የሞላሁት ቅጽ ላይ የሥራው ዓይነት የሚጻፍበት መስመር አጭር ስለነበር «ፎቶ መለየት» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ያንን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። እኔ አንድ ቀን የሚፈጅብኝን እሱ ሻይ ሳይፈላ ይጨርሰዋል። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ከመውጣቴ በፊት ከጎኑ ተቀምጬ እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ ብዙ ሞክሬ ነበር። መልሱን ይሰጣል እንጂ ምን አይቶ እንደሆነ አይናገርም። እኔ ያየሁትን መናገር ስለምችል ልጻፈው።

ሥራዬ የዶልፊን የጀርባ ክንፍ ማወቅ ነበር።

የዋሽንግተኑን ወንዝ፣ ፖቶማክን፣ ከድልድይ ላይ ያየ ሰው ዶልፊን ይገባበታል ቢሉት አያምንም፤ እኔም አላመንኩም ነበር። ነገር ግን ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ታች ቢወርዱ ወንዙ ወዲያ ማዶው እስከማይታይ ድረስ ይሰፋል፣ ውኃውም ጨው ጨው ማለት ይጀምራል። ሰመር ሲመጣ ዶልፊኖች ከባሕር ወደዚያ ይገባሉ፤ ያድናሉ፣ ይላፋሉ፣ ይወልዳሉ። ሲበርድ ይሄዳሉ። በዚያ ዳርቻ ሸርጣንና ዓሣ በማጥመድ የምትኖር አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ብዙ ሰው እንዲመጣባቸው አይፈልጉም።

እኔ አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የገባሁት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ነው። በቀጭን የተቀረጸ እርሳስ ኔጋቲቭ ላይ የሰውን ጠባሳ፣ ብጉርና የዓይን ሥር መስመር አጠፋ ነበር። ሙሽሮች ከእኔ እጅ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ቆዳ ነበራቸው። ዲቪ ደርሶኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ እርሳሴን የሚፈልግ አልነበረም። መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፤ ቀጥሎ አሌክሳንድሪያ አንድ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ካሸር ሆንኩ። በባቡር፣ ሬድ ላይን ይዤ፣ የሎ ላይን ቀይሬ እመላለሳለሁ። እዚያ አብሮኝ ይሠራ የነበረው አቶ ጌታሁን ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በኋላ ታክሲ መንዳት ጀምሮ ወጣ፤ ወዳጅነታችን ግን አልተቋረጠም።

ሩትን ያወቅኋት በዚያ ፓርኪንግ ነው። ከላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነበራት። አንድ ዝናባማ ቀን ከመኪናዋ ስትወርድ ካርቶኗ ሥሩ ተቀደደና ፎቶ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ወጥቼ አነሣሁላት። ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ፎቶ ዝም ብሎ አይሰበስብም፤ እጄ ራሱ እየለየ ሲያነሣ ሁለቱን ደርቤ ሰጠኋት። አንዱ የቆየ፣ አንዱ አዲስ ነበር። ሁለቱም ላይ ውኃና ግራጫ ሦስት ማዕዘን ነገር እንጂ ሌላ አይታይም።

«ለምን አንድ ላይ አደረግሻቸው?» አለችኝ።

«አንድ ስለሆኑ።»

ዝናቡ ላይ ቆማ ቀና ደፋ እያደረገች አየቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው የቆየችው እሱን ነበር። በወሩ ሦስተኛ ፎቅ ገባሁ። ደመወዙ ከፓርኪንጉ ብዙም አይበልጥም፤ መስኮት ግን ነበረው።

አቶ ጌታሁን ሲሰማ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ የዓሣ ፓስፖርት ፎቶ ቤት ከፈቱ አሉ!» አለኝ።

«ዓሣ አይደለም። እንደ አንተ አየር ይተነፍሳል። ይወልዳል፣ ያጠባል።»

«ያጠባል? በሉ እንግዲህ ለፆም አይሆንም ማለት ነው።»

«የሚበላም አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል ፎቶው?»

ጥያቄው የእኔም ነበር። ሩት መለሰችልኝ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የማን ልጅ አድጋ ወለደች የሚለውን ካላወቅን ወንዙ ደኅና ይሁን አይሁን አናውቅም። ዶልፊን ደግሞ ቆሞ አይቆጠርም። ብቅ ሲል የሚታየው የጀርባ ክንፉ ነው። የክንፉ የኋላ ጠርዝ በዕድሜው በጥርስ፣ በመረብ፣ በመንጠቆ እየተነካ ይሸራረፋል፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንድ ነገር ወዲያው ገባኝ፤ ክንፍ ላይ ስንጣቂ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። የድሮው ፎቶ ላይ ያለ ስንጣቂ አዲሱ ላይ ከሌለ፣ የፈለገውን ያህል ቢመሳሰል ያ ሌላ ነው። ቆዳው ላይ ያለ ጭረት ግን ይድናል፤ እሱን ያመነ ይሳሳታል። ዕድሜዬን ምልክት ሳጠፋ ኖሬ አሁን ምልክት ፈላጊ መሆኔ ገረመኝ።

ሩት ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። በስሜ ጥሪኝ ስላለች ነው ሩት የምላት። ፎቶ ስታይ መጀመሪያ ገልብጣ፣ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች አድርጋ ታያለች። «ቀጥ አድርገሽ ካየሽው የምታውቂውን ነው የምታዪው» ትላለች። ቀጥሎ ትተወውና ፖም ትበላለች፤ እስከ ፍሬው ድረስ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ትመለሳለች። በእርሳስ «ምናልባት» ብላ ትጽፋለች። «ምናልባት» ሦስት ቀን ካልተጻፈ መዝገብ አይገባም። «አንድ ናቸው ወይ ብለሽ አትጠይቂ» አለችኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «አንድ እንዳይሆኑ የሚያደርግ ነገር ፈልጊ። ስታጪ ያኔ አንድ ናቸው።» ሌላም ልማድ ነበራት። ከመንደሩ ፎቶ ለላከ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን በእጇ ጽፋ ትመልሳለች። መልስ ያላገኘ አጥማጅ ሁለተኛ ፎቶ አይልክም ትላለች።

በወጣትነቷ ደቡብ አሜሪካ፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ከዓሣ አጥማጆች ጋር ኖራለች። የዚያ ወንዝ ዶልፊኖች ባሕር አያውቁም፤ ከወንዙ ወጥተው አያውቁም። አጥማጆቹ መረባችንን ቀደዱብን እያሉ ይጠሏቸው ነበር። እንግዳ በጀልባ እያሳፈሩ ማሳየት ሲጀምሩ ጠባቂዎቻቸው ራሳቸው ሆኑ። ያንን ይዛ መጥታ ነው የእኛን መንደር ያግባባችው። ሸርጣን ሲያንስ የጀልባ ካፒቴኖቹ እንግዳ ያሳፍራሉ፤ እንግዶቹ ያነሡትን ፎቶ በካሜራ ካርድ ሰብስበው ወደ እኛ ይልካሉ። ሕጉን ያወጣው ቢሮው አይደለም፤ እነሱው ተሰብስበው ነው። ዶልፊን ሲታይ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ሞተር ማጥፋት። አዲስ የተወለደ ግልገል መኖሩ ሲታወቅ የጀልባ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ ቢጫ ጨርቅ መስቀል። ጨርቁ ተሰቅሎ እያለ ከወንዙ ገባ ብላ ወዳለችው ጸጥተኛ ጥግ ማንም አይገባም። እናቶቹ የሚያጠቡት እዚያ ስለሆነ እኔ በልቤ «ጉያው» እለዋለሁ። የገባ ሰው በዚያ ሰመር እንግዳ አያሳፍርም።

ከካፒቴኖቹ ትልቁ ኤርል ነው። አርባ ዓመት ወንዙ ላይ የኖረ፣ «ሚስ ቲ» እያለ የሚጠራኝ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። እህቱ ዶሊም ጀልባ ትነዳለች፤ እሷ ቃል አትቆጥብም። መጀመሪያ ያገኘችኝ ቀን ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ «ከዋሽንግተን የመጣሽው አንቺ ነሽ ክንፍ የምታነቢው? እስቲ የእኔን አንብቢ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በየሰመሩ ሁለት ሦስት ጊዜ እወርድ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ።

ከመውጣቴ ሁለት ሰመር በፊት ሩት ዳሌዋን ቀዶ ጥገና አድርጋ ቤቷ ተኛች። ቢሮው በእኔ እጅ ነበር። አንድ ሐሙስ ከኤርል ጀልባ የመጣ ካርድ ከፈትኩ። ጉያው ውስጥ የተነሣ፣ የማውቃት እናት ክንፍ ነው። ከኋላዋ አረፋ የሚመስል ነገር አለ። አትሜ አውጥቼ ገልብጬ አየሁት። አረፋ አይደለም። ትንሽ ጀርባ ነው፤ ጎኑ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ መስመሮች ቁልቁል ወርደዋል። ግልገል በእናቱ ማህፀን ታጥፎ ነው የሚኖረው፤ የታጠፈበት መስመር ከተወለደ በኋላ ጥቂት ሳምንት አይጠፋም። የተወለደው በዚያ ሰሞን ነበር ማለት ነው። ያነሣው እንግዳ አላወቀም፤ ካፒቴኑም ከመቶ እርምጃ በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

ስልኩን አንሥቼ ለኤርል መንገር ነበረብኝ። አላነሣሁም።

ምክንያቴን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰመር ቢጫው ጨርቅ ሲሰቀል አንድ እንግዳ ፎቶውን በስልኩ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት፣ በእሑዱ ከሌላ ቦታ የመጡ ፈጣን ጀልባዎች ዙሪያውን ሲዞሩ ዋሉ። እናትና ግልገል በዚያው ሄዱ፤ በዚያ ዓመት አልተመለሱም። ጨርቁ ሊከልል የተሰቀለ ነው፤ ለእኔ ግን ጥሪ ሆኖ ታየኝ። ደግሞም ባደግሁበት ቤት አራስ ያለችበት በር አይከፈትም፣ ወለደች ተብሎ ለማንም አይነዛም፤ ቀኑ እስኪደርስ ዝም ይባላል። የሰው ዓይን ፈርቼ ነው አልልም። እጄ ግን እንደዚያ ነው የለመደው። ፎቶው ጀርባ ላይ «ምናልባት» ብዬ ጻፍኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዓርብ «ምናልባት» ጻፍኩ። ሰኞ ሦስተኛውን ጻፍኩ። ማክሰኞ መዝገብ ላይ መግባት ነበረበት፤ ትንሽ ይጠንክር ብዬ ተውኩት።

በዘጠነኛው ቀን ዶሊ ደወለች።

«ግልገል ሞቶ አሸዋ ላይ ተገኘ። ጀርባው በፕሮፔለር ተቆርጧል። ያገኘው ኤርል ነው፤ ራሱ ተሸክሞ አመጣው።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

«በዚህ ሳምንት ጉያው ድረስ እንግዳ ይዞ የገባው እሱ ብቻ ነው» አለች። እርግጥ እሷ የቦታውን የራሳቸውን ስም ነው የጠራችው። «እያየ ነው የገባው ይሉታል። ለእንግዶቹ ሊያሳይ ብሎ ነው ይሉታል። ወንድሜን! እሱ ደግሞ አንድ ቃል አልመለሰም። እንግዳ አሳፍራለሁ የሚለውን ሰሌዳውን በእጁ አወረደው። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ ሁለት ካፒቴኖች ከስምምነቱ እንወጣለን እያሉ ነው። አንድ ሰው ቢያይ ኖሮ…» ብላ ዘጋችው።

አንድ ሰው አይቷል። ፎቶው ቀን ተጽፎበት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያንን የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም። ባወጣው ኤርል እንዳልተነገረው ይታወቃል፤ ግን ከራሱ ጀልባ ላይ የተነሣ ስለሆነ ነገሩን ሊያብስበትም ይችላል። ሩት ቤት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ሆና ፎቶውን ገለበጠች፣ አቀናች፣ ሦስቱን «ምናልባት» አነበበች።

«የእኔን ልማድ ነው የተደበቅሽበት» አለችኝ።

«አዎ።»

«ይህ ለእኔ የሚነገር አይደለም። ወደ ወንዙ ይዘሽው ውረጂ።»

አቶ ጌታሁን ወሰደኝ። በርክ የምትባለውን ሰፈር እስክናልፍ ሲቀልድ ነበር፤ በኋላ ፊቴን አየና ተወው።

«ምን ሊሏቸው ነው?»

«አይቼ ዝም አልኩ ልላቸው።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በምን ልል ኖሯል?»

«አይ፣ በአማርኛም ቢሆን ይከብዳል ብዬ ነው እትዬ።»

ስብሰባው የሸርጣን ሥጋ ከቅርፊቱ በሚፈለፈልበት መጋዘን ውስጥ ነበር። አሥር የሚሆኑ ሰዎች በረጅሙ የብረት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ኤርል ጥግ ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ቀኑን ነገርኳቸው። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም አልኩ።

«ለምን?» አለች ዶሊ።

አስረዳኋት። ስለ ፈጣን ጀልባዎቹ፣ ከዚያም ስለ አራስ ቤት ነገርኳት፤ በአገሬ እንግዳ እንደማይገባ፣ ወሬውም እንደማይወጣ።

«እኛ ነን እንግዳ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኛ እኮ የቤቱ ሰዎች ነን። እንግዳዋ አንቺ ነሽ። ከሌባ እንደሚደበቅ ነው የደበቅሽብን።»

ከጀርባዬ አቶ ጌታሁን ሲያስል ሰማሁት።

ኤርል ተነሥቶ መጣ። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። «የት ጋ ነው?» አለኝ። በእርሳሴ ጫፍ አሳየሁት።

«ይህንን አረፋ ነበር የምለው።»

«መስመሮቹን ይዩ። አረፋ መስመር የለውም።»

ጎንበስ ብሎ ቆየ። «አያለሁ» አለ። ወደ ሰዎቹ ዞረ። «እሷ አይታ አልተናገረችም። እኔ ከፊቴ ሆኖ አላየሁም። ምሰሶው ላይ ጨርቅ ቢኖር አልገባም ነበር፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ቀጥሎ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እኔ ልምታው ሌላ ይምታው ግን አላውቅም፤ ከእንግዲህም አላውቅም» አለ።

ስምምነቱን ጥሎ የወጣ አልነበረም። ዶሊ በማግስቱ የወንድሟን ሰሌዳ መልሳ ሰቀለችው፤ እሱ እንደገና አወረደው፤ እስከ ሰመሩ መጨረሻ ሸርጣን ብቻ አጠመደ። እኔን ያባረረኝ የለም። ዶሊ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። ከእንግዲህ ካርዱ መጀመሪያ እዚሁ ይታያል፤ ወደ ቢሮ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። «አንቺ ደግሞ መጥተሽ እንዴት እንደሚታይ ታሳዪናለሽ።»

ስለዚህ በሚቀጥለው ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ መውረድ ጀመርኩ። አቶ ጌታሁን እያደረሰኝ እሱ ዳር ላይ ያጠምዳል፤ አንድም ቀን የረባ ነገር አልያዘም። እኔ መጋዘኑ ውስጥ የድሮ ፎቶዎች ዘርግቼ አስተምራለሁ። ሳስተምር የማላውቀውን ብዙ ነገር አወቅሁ። አረፋ ከጀልባ ሲሆንና ከነፋስ ሲሆን መልኩ እንደሚለይ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። አንድ ስንጣቂ አይቼ ጥርስ ነው ስል ኤርል የምን ዓይነት መረብ ገመድ እንደሆነ ነገረኝ፤ ገመዱንም አምጥቶ ፎቶው ላይ ለካው። ያን ያህል ዓመት ጥርስ እያልኩ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከሁሉ ዓይኗ የፈጠነው ዶሊ ናት። እኔ መነጽር እስክጠርግ እሷ ጨርሳ ሌላውን ታነሣለች።

በመጨረሻው ሰመሬ፣ አንድ ቅዳሜ እንደተለመደው ስደርስ ምሰሶው ላይ ቢጫ ጨርቅ ተሰቅሏል። አዲስም አይደለም፤ ፀሐይ አንድ ጎኑን አንጥቶታል። ዶሊን ጀልባዋን ስታጥብ አገኘኋት።

«መቼ ነው የተሰቀለው?»

«ቆየ።»

«ለቢሮ አልተደወለም እኮ።»

«አልተደወለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቱቦውን ዘጋች። «ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእንግዳ ግልገል አለ አላልንም፤ ያ ጥግ ተዘግቷል ብቻ ነው ያልነው። ከዚህ ወሬ አልወጣም፤ ከሌላ ቦታም ጀልባ አልመጣም። አንቺ ጀልባ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው።» እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። «ነይ፣ ካርዱን እዪልን። ግልገሉን እኔ አገኘሁት፤ እናትየዋን ግን ማንም አላወቃትም። ኤርል እንኳ አላወቃትም።»

መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ እነሱ ከኋላዬ ቆሙ። የኋላ ጠርዟ ላይ ከላይ ወደ ታች ሦስት ስንጣቂ አለ፤ መካከለኛው ጥልቅ ነው። መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አገላበጥኩ። አንድ እንዳትሆን የሚያደርግ ነገር በሁሉም ላይ አገኘሁ። በእኛ ወንዝ ታይታ አታውቅም። አዲስ ቁጥር ሰጠኋት፤ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት የሰጠሁት የመጨረሻው ቁጥር ነው።

ከየት እንደመጣች፣ በዚያ ጥግ መውለድ እንደሚቻል በምን እንዳወቀች ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ኤርልም አላውቅም አለ። ካርዱን እንደገና ከፈትነው።